ከጎንደር ሆናችሁ የመጀመሪያ ድረ ገጻችሁን ክፈቱ፦ ከባዶ ለሚጀምር ሰው

ታኅሣሥ ሲጋመስ ስልኬ እረፍት አያገኝም። አዲስ አበባ ያለችው የአክስቴ ልጅ፣ ባሕር ዳር የሚሠራው የክፍል ጓደኛዬ፣ አሜሪካ የሚኖሩት ጋሼ፣ ሁሉም የሚጠይቁኝ አንድ ዓይነት ነገር ነው። ለጥምቀት መቼ ልምጣ? በከተራ ታቦታቱ የሚወጡት ስንት ሰዓት ነው? ፋሲል መዋኛ ደህና ቦታ ለመያዝ በስንት ሰዓት ልነሣ? ከአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ፒያሳ በምን ይመጣል?

ለዓመታት ለእያንዳንዳቸው በድምፅ መልእክት ስመልስ ኖርኩ። አንድ ማታ ግን ቁጭ ብዬ መልሱን ሁሉ አንድ ገጽ ላይ ጻፍኩትና ሊንኩን መላክ ጀመርኩ። የእኔ ድረ ገጽ እንዲህ ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ ብሎግ መክፈት እፈልጋለሁ ለሚለኝ ሁሉ ያንኑ እላለሁ፦ ሰው ደጋግሞ የሚጠይቅህ ምንድን ነው? መመሪያውም የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

መጀመሪያ ጥያቄዎቹን ሰብስቡ

ኮምፒውተሩን ለጊዜው ተዉት። ደብተር አውጡና ሰዎች የሚጠይቋችሁን 10 ጥያቄ ጻፉ። ቅዳሜ ገበያ ጋቢና ነጠላ የምትሸጡ ከሆነ፣ «ይሄ በእጅ የተፈተለ ነው?»፣ «እንዴት ይታጠባል?»፣ «አዲስ አበባ ትልካላችሁ?» ይሏችኋል። አስጎብኚ ከሆናችሁ፣ ወደ ሰሜን ተራሮች በደባርቅ በኩል እንዴት እንደሚኬድና ምን ልብስ እንደሚያዝ ይጠይቋችኋል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ሦስተኛ ዓመት የደረሰ ተማሪ ደግሞ አዲስ ገቢዎች የሚጠይቁትን በቃሉ ያውቀዋል።

10 ጥያቄ ካልሞላላችሁ ርዕሱ ገና አልበሰለም። ሌላ ፈልጉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። «ስለ ጎንደር ሁሉንም ነገር የያዘ ድረ ገጽ» ብሎ ይነሣል። ዐፄ ፋሲል ከተማዋን በ1636 እ.ኤ.አ. እንደቆረቆሩ፣ ፋሲል ግቢ በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት እንደተመዘገበ ይጽፋል። እውነት ነው፤ ግን ይህን ሺህ ጊዜ ሌሎች ጽፈውታል። በጥምቀት ሌሊት ከፒያሳ ወደ መዋኛው በየትኛው መንገድ ቢወረድ ግፊያው እንደሚቀል የጻፈ ግን ስንት ሰው አለ? ያንን የምታውቁት እናንተ ናችሁ፣ እዚህ ስለምትኖሩ።

አራት ቃላት ይበቁናል

ድረ ገጽ ማለት ጽሑፍና ፎቶ የያዘ፣ በስልክም በኮምፒውተርም የሚከፈት ገጽ ወይም የገጾች ስብስብ ነው። ብሎግ ደግሞ አዲስ ጽሑፍ በየጊዜው የሚጨመርበት፣ አዲሱ ከላይ የሚቀመጥበት የድረ ገጽ ዓይነት ነው። ስሙ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1997 ከተፈጠረው «ዌብሎግ» ከሚለው ቃል ነው፤ ድር ላይ የሚያዝ መዝገብ እንደማለት። በ1999 አጥሮ ብሎግ ሆነ።

ሆስቲንግ ጽሑፋችሁና ፎቶአችሁ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ቀንና ሌሊት ከኢንተርኔት የማይለይ፣ ሰርቨር የሚባል ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል። እናንተ ቤት መብራት ቢጠፋም ገጹ መከፈቱን አይተውም።

ዶሜይን ማለት የገጹ አድራሻ ነው። ኮምፒውተሮች እርስ በርስ የሚተዋወቁት በቁጥር ነው፤ ሰው ግን ያንን ቁጥር አይዝም። እኛ አገር የቤት ቁጥር ብትሉ ማን ያውቃል? «ፋሲል ግቢ በር ላይ» ስትሉ ግን ባለ ባጃጁ ሳይጠይቃችሁ ይነዳል። ዶሜይን እንዲህ ያለ የሚያዝ ስም ነው።

የት ይከፈት?

«ፌስቡክና ቴሌግራም አለ፣ ድረ ገጽ ምን ያደርጋል?» የሚል አይጠፋም። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ እኔም እጠቀምባቸዋለሁ። ችግራቸው ዓምና የጻፋችሁት ዘንድሮ አለመገኘቱ ነው። አዲስ በመጣ ቁጥር አሮጌው ወደ ታች ይወርዳል። ድረ ገጽ ላይ የተጻፈ ግን ቦታው ላይ ይቆያል፤ ጎግል ላይ የፈለገው ሰው ከሦስት ዓመት በኋላም ያገኘዋል።

ለጀማሪ የሚሆኑ ሁለት ታዋቂ አማራጮች አሉ። ብሎገር በ1999 እ.ኤ.አ. የተጀመረ፣ በ2003 ጎግል የገዛው ነጻ አገልግሎት ነው። ወርድፕረስም የወጣው በዚያው በ2003 ነው። ወርድፕረስ ሁለት መልክ ስላለው ሰው ያደናግራል። ዶት ኮም የሚለው፣ እንደ ብሎገር አካውንት ከፍታችሁ የምትጠቀሙበት አገልግሎት ነው። ዶት ኦርግ የሚለው ደግሞ ሶፍትዌሩን በነጻ ሰጥቷችሁ ሆስቲንጉን ራሳችሁ የምትከራዩበት ነው። ሁለተኛው አቅሙ ሰፊ ነው፤ ማደስና መጠበቁ ግን የእናንተ ሥራ ይሆናል።

የእኔ ምክር፣ በብሎገር ጀምሩ። ምክንያቴ ቀላል ነው። ብር አይጠይቅም። የውጭ አገር ሆስቲንግ ክፍያ በዶላር ነው፤ በብር የሚሠራው የባንክ ካርዳችን ደግሞ እዚያ አይሠራም። ለውጭ ክፍያ የሚሆን ካርድ እስክታገኙ ድረስ መጠበቅ የለባችሁም። ደግሞም ገና ሦስት ጽሑፍ ሳይጽፉ ለዓመት መክፈል ገንዘብ ማባከን ነው። ብዙ ሰው ከፍሎ፣ አንድ ጽፎ ሲተወው አይቻለሁ።

አከፋፈቱ

ጂሜይል ካላችሁ ሩብ ሰዓት አይፈጅም። በስልክም ይቻላል፤ በኮምፒውተር ግን ይቀላል። ቤት ከሌለ ኢንተርኔት ቤት ግቡ፤ ስትጨርሱ ከአካውንታችሁ መውጣት አትርሱ።

ብራውዘር ላይ ብሎገር ዶት ኮም ብላችሁ በላቲን ፊደል ጻፉና በጂሜይላችሁ ግቡ። መጀመሪያ የብሎጉን ስም ይጠይቃችኋል። ይህ በአማርኛ ሊሆን ይችላል፤ በኋላም ይቀየራል። ቀጥሎ አድራሻ ይጠይቃል። ይህ በላቲን ፊደል ነው፤ መጨረሻው ላይ ብሎግስፖት ዶት ኮም የሚል ይጨመርበታል። እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። አጭር ይሁን። ስልክ ላይ ለሰው ስትነግሩት ሳትደግሙ የሚገባ ይሁን። ሰረዝና ቁጥር አታብዙበት። የፈለጋችሁት ስም ተይዟል ካላችሁ ሌላ ሞክሩ። ከዚያ አንባቢ የሚያየው የጸሐፊ ስም ታስገባላችሁ። በቃ፣ ተከፍቷል።

አሁን በግራ በኩል ሜኑ ታያላችሁ። ከሁሉ በፊት ሴቲንግስ ውስጥ ግቡና የሰዓት ክልሉን ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ቀይሩት፤ ከግሪንዊች በ3 ሰዓት የሚቀድመው ነው። ይህን ካላደረጋችሁ ዛሬ ጠዋት የለጠፋችሁት የትናንት ቀን ሊይዝ ይችላል። ከዚያ ቴም የሚለውን ክፈቱና ቀለል ያለ መልክ ምረጡ። ነጭ መደብ፣ ጥቁር ጽሑፍ። መልክ ስትቀያይሩ ሳምንት አትፍጁ፤ አንባቢ የሚመጣው ለመልሱ ነው።

የአማርኛው ነገር

የውጭ መመሪያዎች የማይነግሩን ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ረጋ ልበል።

አንደኛ፣ ዩኒኮድ። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ገባ። ዩኒኮድ ማለት ለእያንዳንዱ ፊደል በዓለም ላይ አንድ ቁጥር የሰጠ ሥርዓት ነው። የዛሬ ስልኮች ኪቦርድ ሁሉ በዚሁ ነው የሚጽፈው። ችግር የሚመጣው ከቆዩ የቢሮ ፋይሎች ነው። በድሮ የፓወር ግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ካላችሁ፣ ገልብጣችሁ ድረ ገጹ ላይ ስትለጥፉት ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ይሆናል። ለማወቅ ቀላል መላ አለ፦ ከሰነዱ አንድ መስመር ቅዱና ቴሌግራም ላይ ለጥፉት። አማርኛው እንዳለ ከወጣ ዩኒኮድ ነው። ካልወጣ እንደገና መጻፍ ወይም በመለወጫ ሶፍትዌር መቀየር ይኖርባችኋል።

ሁለተኛ፣ ሞክሼ ፊደላት። ይህን ብዙ ሰው አያስብበትም። ከተማችንን አንዱ «ጎንደር» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «ጐንደር»። ንጉሡን አንዱ «አፄ»፣ ሌላው «ዐፄ»፣ ሦስተኛው «ዓፄ» ይላቸዋል። ለእኛ አንድ ነው። ለኮምፒውተር ግን የተለያየ ቁጥር ያላቸው የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ስለዚህ ርዕሱ ላይ ሰው አብዝቶ የሚጽፈውን ምረጡ፤ ሌላውን አጻጻፍ ደግሞ ጽሑፉ ውስጥ አንድ ቦታ በተፈጥሮው አስገቡት። እኔ ርዕሴ ላይ «ጎንደር» እላለሁ፤ ከታች አንድ ቦታ ላይ «ጐንደር» እጽፋለሁ።

ሦስተኛ፣ የጽሑፉ አድራሻ። እያንዳንዱ ጽሑፍ የራሱ ሊንክ አለው። ሊንኩ በአማርኛ ከሆነ ሲቀዳ ብዙ ጊዜ በፐርሰንት ምልክትና በቁጥር ይሞላል፤ አንዱ ፊደል ዘጠኝ ምልክት ይሆናል። «ጥምቀት» የሚለው አራት ፊደል ብቻውን 36 ምልክት ይወጣዋል። እንዲህ ያለውን ሊንክ ቴሌግራም ላይ ያየ ሰው ቫይረስ ይመስለዋል። ብሎገር ደግሞ በራሱ ከተተወ የአማርኛውን ርዕስ ጥሎ «ብሎግ ፖስት» የሚል ትርጉም የለሽ አድራሻ ይሰጠዋል። መፍትሔው፣ ከመለጠፋችሁ በፊት በቀኝ በኩል ፐርማሊንክ የሚለውን ክፈቱና በላቲን ፊደል ሁለት ሦስት ቃል ራሳችሁ ጻፉ። ከተለጠፈ በኋላ መቀየር ጣጣ አለው።

የመጀመሪያውን ጽሑፍ መጻፍ

መብራትና ኔትወርክ የሚመጣው በራሱ ጊዜ ነው። ስለዚህ ድረ ገጹ ላይ በቀጥታ አትጻፉ። ስልካችሁ ማስታወሻ ላይ ጽፋችሁ ጨርሱ፤ ኔትወርክ ደህና ሲሆን ቀድታችሁ ለጥፉ። አንድ ምሽት የጻፉት ሲጠፋ የሚሰማው ስሜት ብዙዎችን ከጅምሩ ተስፋ ያስቆርጣል።

ከ10 ጥያቄዎቻችሁ አንዱን ብቻ ምረጡ። አንድ ጽሑፍ፣ አንድ ጥያቄ። ርዕሱ ራሱ ጥያቄው ይሁን፣ ሰው በሚጠይቅበት ቃል። «የጥምቀት በዓል አከባበር በታሪካዊቷ ጎንደር» ከሚል ርዕስ «ለጥምቀት ጎንደር መቼ ልምጣ?» የሚለው ይሻላል። ጎግል ላይ የሚጻፈው እሱ ነውና።

መልሱን ደግሞ ከላይ አስቀምጡት። የእኔ ገጽ እንዲህ ይጀምራል፦

«ጥር 9 ማታ ጎንደር ብትገቡ ጥሩ ነው። ጥር 10 ከተራ ነው፤ ታቦታቱ ከሰዓት በኋላ ወጥተው ወደ ፋሲል መዋኛ ይወርዳሉ፣ እዚያም ያድራሉ። ጥር 11 ማለዳ ውኃው ይባረካል። ጥር 12 ቃና ዘገሊላ ነው፤ የቅዱስ ሚካኤል ታቦት የሚመለሰው በዚያ ቀን ስለሆነ እሱን ሳታዩ አትሂዱ።»

አንባቢው ከዚህ በላይ ባያነብ እንኳ የመጣበትን ይዞ ይሄዳል። ስለ መዋኛው፣ ከቀሃ ወንዝ ውኃ ስለሚሞላበት፣ በዓሉ በ2019 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ስለመመዝገቡ፣ ያ ሁሉ ከዚያ በታች ይምጣ።

ቀንና ሰዓት ስትጽፉ በጣም ተጠንቀቁ። ድረ ገጻችሁን የሚያነበው የአገር ቤት ሰው ብቻ አይደለም። ጥር 11 ብዙ ጊዜ ጃንዋሪ 19 ላይ ይውላል፤ ፈረንጆቹ ፌብሩዋሪን 29 በሚያደርጉበት ዓመት ግን 20 ይሆናል። በ2016 ዓ.ም. ጥምቀት የዋለው ጃንዋሪ 20 ቀን 2024 ነበር። ስለዚህ ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን ጻፉ። ሰዓትም እንዲሁ። «10 ሰዓት ላይ እዚያ ሁኑ» ብዬ ጽፌ፣ ውጭ ያደገ የዘመዴ ልጅ በእነሱ አቆጣጠር ረፋድ ላይ መጣ። የውኃው ቡራኬ አልቆ ነበር። ልጁ ያን ያህል አገር አቋርጦ መጥቶ ሲያዝን ማየት ከበደኝ። ከዚያ ወዲህ «ከሌሊቱ 10 ሰዓት፣ በፈረንጆች 4 ሰዓት ንጋት ላይ» ብዬ እጽፋለሁ።

ጽሑፉ ከረዘመ በንዑስ ርዕስ ከፋፍሉት። ይህን ስታደርጉ ፊደሉን ማወፈር ብቻ አይበቃም። ከላይ ካለው መሣሪያ ሄዲንግ የሚለውን ምረጡ። ጎግልም፣ ማየት ለተሳነው ሰው ጽሑፉን የሚያነብለት ሶፍትዌርም የገጹን አወቃቀር የሚያውቁት በእሱ ነው። አንቀጾቹ አጭር ይሁኑ። አብዛኛው ሰው በስልክ ነው የሚያነበው፤ ኮምፒውተር ላይ አራት መስመር የሆነው ስልክ ላይ አሥር ይሆናል።

ፎቶ

የዛሬ ስልክ የሚያነሣው አንድ ፎቶ ከ3 እስከ 5 ሜጋባይት ይመዝናል። ስድስት ፎቶ ካስገባችሁ ገጹ ከ20 ሜጋባይት በላይ ሊሆን ነው። ፓኬጅ ቆጥሮ የሚገዛ ሰው ይህን ለመክፈት ብሩን ያወጣል፤ ኔትወርኩ ከደከመ ደግሞ ጭራሽ አይከፈትለትም። ፎቶው ወርዱ 1200 ፒክስል አካባቢ፣ ክብደቱ ከ200 ኪሎባይት ያልበለጠ ቢሆን በቂ ነው። መቀነሻ ሶፍትዌር ባይኖራችሁ ፎቶውን ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ላኩት። ፋይል ብላችሁ ሳይሆን እንደ ተራ ፎቶ ላኩት፤ ቴሌግራም ራሱ ያቀለዋል። ከዚያ አውርዳችሁ ተጠቀሙ።

እያንዳንዱ ፎቶ ላይ በብሎገር ውስጥ ስትጫኑት «አልት ቴክስት» የሚል ሣጥን ይመጣል። ፎቶው ላይ ያለውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉበት፦ «በከተራ ዕለት ካህናት ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ»። ፎቶው ባይከፈት እንኳ ሰው ምን እንደነበር ያውቃል።

የሰው ፎቶ ከኢንተርኔት አንሥቶ መለጠፍ ግን ተዉት። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍንም ይጠብቃል። ባለቤቱን አስፈቅዱ፣ ወይም ራሳችሁ አንሡ። እናንተ እዚሁ ናችሁ፤ ግንቡም መዋኛውም ደጃችሁ ነው። አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ፣ ለምሳሌ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ከማንሣታችሁ በፊት እዚያ ያሉትን አገልጋዮች ጠይቁ። ገበያ ውስጥ ያሉ እናትንም «እማማ፣ ላንሣዎት?» ብሎ መጠየቅ ይገባል።

መለጠፍና ለሰው ማድረስ

ፐብሊሽ ከማለታችሁ በፊት ፕሪቪው የሚለውን ተጫኑና በስልክ እንዴት እንደሚታይ እዩ። ከተቻለ ለአንድ ሰው ስጡት፤ ስለ ጉዳዩ ለማያውቅ ሰው። ሲያነብ ጥያቄ ከጠየቃችሁ የጎደለው ያ ነውና ጨምሩበት።

ሁለት ቋሚ ገጾችም ያስፈልጋሉ፤ ፔጅስ የሚለው ውስጥ ነው የሚሠሩት። አንዱ «ስለ እኔ» ነው፦ ማን እንደሆናችሁ፣ ስለ ጉዳዩ ከየት እንደምታውቁ። ሁለተኛው መገናኛ ነው። እዚያ ላይ የቤት አድራሻ አታስቀምጡ። ለዚሁ የተከፈተ ኢሜይል ይበቃል።

ከተለጠፈ በኋላ ሊንኩን ለሚጠይቋችሁ ሰዎች ላኩ። መጀመሪያ ላይ አንባቢ የሚመጣው በዚህ ነው። ከጎግል የሚመጣው ዘግየት ይላል፤ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። ለማፍጠን ጎግል ሰርች ኮንሶል የሚባል ነጻ አገልግሎት አለ። እዚያ ድረ ገጻችሁን ካስመዘገባችሁ ሰዎች በምን ቃል ፈልገው እንዳገኟችሁ ያሳያችኋል። ይህን ዝርዝር እወደዋለሁ። ያላሰብኩትን ጥያቄ ሰው ሲጠይቅ አይበታለሁ፤ የሚቀጥለው ጽሑፌም ከዚያ ይመጣል።

ቤቱን መቆለፍ

የድረ ገጻችሁ ቁልፍ ጂሜይላችሁ ነው። ስለዚህ ረጅም፣ ሌላ ቦታ ያልተጠቀማችሁበት ፓስወርድ ይኑረው። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብሩ። የያዛችሁት ሲም ቢጠፋ የምትገቡበት ሌላ መንገድም አስመዝግቡ። በወር አንዴ ሴቲንግስ ውስጥ ገብታችሁ ባክአፕ የሚለውን ተጫኑ፤ የጻፋችሁት ሁሉ በአንድ ፋይል ይወርዳል።

የራስ ስም መቼ ይገዛል?

15 ወይም 20 ጽሑፍ ስትጽፉ፣ ሰውም መምጣት ሲጀምር፣ የራሳችሁን ዶሜይን አስቡ። ዶት ኮም በዓመት ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ዶላር ነው። በአገራችን ዶት ኢቲ የሚጨርሰውን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። ብሎገር ላይ የጻፋችሁት ሳይነካ አዲሱን ስም ማገናኘት ይቻላል።

አንድ ነገር ግን አደራ። አንድ ወዳጄ ለእንግዳ ማረፊያው ድረ ገጽ በክፍያ አሠራ። ሠሪው ዶሜይኑን በራሱ ስምና ኢሜይል አስመዘገበው። ዓመቱ ሲያልቅ ሠሪው ስልክ አያነሣም፤ ወዳጄ ማደስ አልቻለም። ስሙ ከእጁ ወጣ፣ ካርዱ ላይ ያሳተመው አድራሻም ዋጋ አጣ። ስለዚህ ማንም ቢሠራላችሁ ዶሜይኑ በእናንተ ስም፣ በእናንተ ኢሜይል ይመዝገብ። ፓስወርዱም እናንተ ጋ ይሁን። የሚታደስበትን ቀን ደግሞ ስልካችሁ ላይ አንድ ወር ቀደም አድርጋችሁ ማስታወሻ ሙሉ።

ጽሑፎቻችሁንም በዓመት አንዴ ዙሩባቸው። እኔ ኅዳር መጨረሻ ላይ የጥምቀቱን ገጽ እከፍታለሁ። የዘንድሮውን የፈረንጅ ቀን አስገባለሁ፣ የትራንስፖርት ዋጋውን ጠይቄ አስተካክላለሁ፣ የተዘጋ መንገድ ካለ እጽፋለሁ፣ ከላይ «የታደሰው» ብዬ ቀኑን አስቀምጣለሁ። አዲስ ገጽ አልከፍትም። ዓምና ሊንኩን ያስቀመጠ ሰው ዘንድሮም በዚያው ይገባል።